ሞተሩ ሲያንኳኳ

(በማኅበራችን የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ከእኛ በፊት በዚህ ቦታ የቆሙት ጓደኞቻችን ስለ ታሪክና ስለ ግጥም ሲናገሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። እኛ ግን እጃችንን በሳሙናና በአመድ ብናሸውም በጥፍራችን ሥር ያለው ጥቍር ዘይት እስከ ዛሬ ማታ አልለቀቀንም፤ በወረቀቱም ላይ የጣታችን አሻራ ቢታይ ይቅርታችሁን እንለምናለን።

የምንናገረው ስለ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ የጋራዥ ወሬ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ እኛ ሦስት የምሕንድስና ተማሪዎች፤ ስለ ሙቀትና ስለ ኃይል የሚሰጠውን ትምህርት ተምረን ፈተናውንም አልፈን ሳለ፤ የአንድ ሞተር ድምፅ ሰምተን በሽታውን ሳንመረምር ‹‹ገብቶናል›› በማለታችን የአንዲት እናት ጊደር ያለ ጥቅም ተሸጠች፤ የጓደኛችንም ነፍስ በዓባይ በረሃ ቍልቍለት ላይ ለጥቂት ተረፈች። ስለዚህ ዛሬ የምናቀርበው ግማሹ ትምህርት፤ ግማሹ ደግሞ ኑዛዜ ነው።

ሞተር ሳይክሉ የጓደኛችን የወንድ አያቱ ንብረት ነበር። እኒህ ሰው ድሬሰር ነበሩ፤ መርፌና ክኒን በቆዳ ቦርሳ ይዘው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሲዘዋወሩበት ኖረዋል። ከሞቱ በኋላ ብዙ ዓመት ከጎተራው አጠገብ በጀንዲ ተሸፍኖ ቆመ። ባለፈው ክረምት ጓደኛችን በአይሱዙ አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ አመጣው። ሴት አያቱ በሚሸኙት ጊዜ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ‹‹ልጄ፤ ያንን ድምፁን አንድ ቀን ደጄ ላይ ሳልሰማው እንዳልሞት›› አሉት።

ዐይነቱ ጃዋ 250 ሲሆን ፋብሪካው 353 ብሎ የሰየመው፤ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በቼኮዝሎቫኪያ የተሠራው ነው። ጃዋ የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1929 ያኔቼክ የተባለው የቼክ ባለ ፋብሪካ ቫንደረር ከተባለው የጀርመን ድርጅት የሞተር ሳይክል ሥራውን በመግዛቱና የሁለቱን ስሞች መነሻ በማጋጠሙ ነው። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ሲሆን ማርሚታው ሁለት ስለ ሆነ የማያውቀውን ሰው ያሳስታል። የሲሊንደሩ ስፋት 65 ሚሊሜትር፤ የፒስቶኑ ጉዞ 75 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም ተሰልቶ 249 ኩብ ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። በመኪና ላይ የለመድነው ባለ አራት ምት ሞተር ከላይ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች አሉት፤ ዘይቱም ለብቻው ከታች ይቀመጣል። ባለ ሁለት ምቱ ግን ቫልቭ የለውም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች ተበስተዋል፤ ፒስቶኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ ይከፍታቸዋል፤ ይዘጋቸዋልም። የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በቀጥታ ወደ ላይ አይገባም፤ በመጀመሪያ ከፒስቶኑ በታች፤ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ በወረሱት ስም አልቤሮ የሚሉት ዘንግ ወደሚሽከረከርበት ቤት ይገባል። ፒስቶኑ ሲወርድ ይጨምቀዋል፤ ከዚያም በጎን ባሉት መተላለፊያዎች ወደ ላይ ይወጣል። ይህን በአልቤሮ ቤት የመጭመቅ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1891 ያወጣው ጆዜፍ ዴይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል፤ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር የሚታዘዘው 1 ለ25 ነው፤ ይኸውም ለ10 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል፤ ሁለቱንም በክፍል ውስጥ ተምረን በጋራዥ ውስጥ ረሳናቸው። አንደኛው፤ የአልቤሮው ቤት የሞተሩ ሳንባ ስለ ሆነ አየር የማያስገባ መሆን አለበት። ሁለተኛው፤ ዘይት የሚደርሰው ቤንዚን በሚደርስበት ጊዜና መጠን ብቻ ነው። ቤንዚን ከተዘጋ ዘይትም ተዘጋ።

ሞተሩን ባስነሣን ጊዜ የሰማነው ‹‹ቀጭ ቀጭ ቀጭ›› የሚል ከሲሊንደሩ አካባቢ የሚወጣ ድምፅ ነበር። በማለዳ ይበረታል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል። ይህ የፒስቶን ምልክት መሆኑን መጽሐፉ ይናገራል፤ ምክንያቱም ፒስቶኑ አሉሚኒየም፤ ሲሊንደሩ ብረት ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረቱ እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱም በ100 ዲግሪ ቢሞቁ 65 ሚሊሜትር የሆነው ፒስቶን 0.15 ሚሊሜትር ያህል ሲሰፋ ሲሊንደሩ የሚሰፋው 0.07 ያህል ነው፤ ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በ0.08 ሚሊሜትር ይጠባል። አንድ የራስ ጠጕር የሚያክል ነገር ነው፤ ነገር ግን ያረጀ ፒስቶን ከግድግዳ ግድግዳ መማታቱን የሚያቆመው በዚህች ጠጕር ነው። ይህን ስሌት በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ለጓደኛችን አሳየነው፤ በራሳችንም እጅግ ኮራን።

ስሌቱ ትክክል ነበር። ሲሊንደሩም በእርግጥ ተበልቶ ነበር። ስሕተቱ አንድ በሽታ ስናገኝ ሌላውን መፈለግ ማቆማችን ነው።

ጓደኛችን ወደ አያቱ ደወለ፤ እሳቸውም ጊደሯን ሸጡ። በገንዘቡ አዲስ ፒስቶን ከነፋሻው ገዛን፤ ሲሊንደሩንም ለማስፋት ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድነው። እዚያ የነበሩት ሽማግሌ ባለሙያ ሲሊንደሩን በጣታቸው ዳሰሱና ‹‹ልጆቼ፤ ታችኛውን አይታችሁታል? ኩሽኔታውስ?›› አሉን። እኛም ‹‹አይተነዋል ጋሼ›› አልናቸው። ያየነው ቢየላውን በእጃችን ነቅነቅ አድርገን ብቻ ነበር። ሰውየው ዝም ብለው ሥራቸውን ሠሩ፤ ሥራቸውም እንከን አልነበረበትም።

ሞተሩን መልሰን ባስነሣነው ጊዜ ቀጭቀጭታው ጠፋ። ተቃቀፍን። ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ድምፅ ቀርቶ ነበር፤ በርቀት እንደሚፈጭ ወፍጮ ያለ ጕርምርምታ። ‹‹አዲስ ፒስቶን እስኪለማመድ ነው›› አልን። ደግሞም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነዳጁን ስንለቀው ወዲያው ዝግ እንደ ማለት ለጥቂት ጊዜ በከፍተኛ ፍጥነት ይዞር ነበር። ይህን ጊዜ የካርቡራቶሩን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ መለስነውና ተስተካከለ ብለን ደስ አለን። ከመላው ታሪክ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረን ይህች የካቻቢቴ ነገር ናት፤ በሽተኛው ሲጮኽ አፉን እንደ መያዝ ያለ ሥራ ነበርና።

ጓደኛችን ለጥምቀት ዕረፍት ወደ ጎጃም ሲጓዝ ሁለታችን በአውቶቡስ ተከተልነው። ከጎሃ ጽዮን በታች መንገዱ ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እርሱም በማርሽ አግዶ፤ ነዳጁን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ ወረደ። ከአንድ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ደርቆ ቀጥ አለ፤ የኋላው ጎማም አብሮ ታሰረ። ፍሪሲዮኑን ወዲያው በመጨበጡ ጎማው ተፈታ፤ እርሱም በጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ከገደሉ ጠርዝ አጠገብ ቆመ። የአውቶቡሱ ሾፌር ሲያቆም ጓደኛችንን ጕልበቱና መዳፉ ተልጦ፤ በመንገዱ ዳር ተቀምጦ አገኘነው። የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ‹‹ለአያቴ እንዳትነግሯት›› የሚል ነበር።

ከተመለስን በኋላ ሞተሩን ከመንካታችን በፊት ወደ እኒያ ሽማግሌ ሄደን እውነቱን ተናገርን። አልተቈጡም። ‹‹ጆሮ ይሰማል እንጂ አያይም›› ብለው ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አስተማሩን። ከዚህ ቀጥሎ የምንለው አብዛኛው ከእሳቸው የተገኘ ነው፤ የመጻሕፍቱን ቃል የጨመርን እኛ ነን።

ከሁሉ አስቀድሞ ድምፁ የሞተሩ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። ይህ ባለ ሁለት ምት ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት ስስ ክንፎች እንደ ጸናጽል ይጮኻሉ፤ ይህ በሽታ አይደለም፤ በመካከላቸው ቍራጭ ጎማ ቢሰካ ይቀንሳል። ማርሚታው ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ጭስ ካሾለከ ልክ እንደ ብረት መንኳኳት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ምልክቱም በመጋጠሚያው ላይ የሚታየው ጥቍር ጥላሸት ነው። ፍሪሲዮኑን ስትጨብጡ ድምፁ ከተለወጠ የፍሪሲዮኑ ወይም የካምቢዮው ጕዳይ ነው እንጂ የፒስቶን አይደለም። በጃዋ ላይ ደግሞ የዲናሞው መዞሪያ በአልቤሮው ጫፍ ላይ በአንድ ብሎን ስለሚታሰር ብሎኑ ከላላ ሞተሩ ሊፈርስ ነው የሚያሰኝ ጩኸት ያወጣል፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ቍልፍና ሁለት ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ሞተሩን በትኖታል።

የሞተሩ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚጠየቀው ‹‹ምን ይላል›› ሳይሆን ‹‹መቼ ይላል›› የሚለው ነው። ሲቀዘቅዝ በርትቶ ሲሞቅ የሚቀንሰው፤ እንዳልነው የፒስቶኑ ነው። ሲሞቅም ሳይቀንስ፤ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ጊዜ ቀጭንና ፈጣን ሆኖ የሚሰማው ፒስቶኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው የስፒኖቶው ብሮንዚና ሳይሆን አይቀርም። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛ ብቻ፤ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደ ተበተነ የሚንጣጣው የብረት መበላት አይደለም፤ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው መቃጠሉ ነው፤ ምክንያቱም የእሳቱ ሰዓት መቅደም ወይም የድብልቁ መሳሳት ሊሆን ይችላል። ነዳጅ ሲሰጠውና ሲነሣው ‹‹ድም ድም›› የሚል ወፍራም ምት የቢየላው የታችኛው ኩሽኔታ ምልክት ነው። በማንኛውም ፍጥነት የማያቋርጥና ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ጕርምርምታ ግን አልቤሮው የሚያርፍባቸው የዋናዎቹ ኩሽኔታዎች ነው። እኛ ‹‹እስኪለማመድ ነው›› ያልነው ይህንኑ ነበር።

የሚሰማበትን ስፍራ ለማወቅ ሽማግሌው የሚጠቀሙት በአንድ ክንድ የሚያክል የወይራ ዘንግ ነው፤ አንዱን ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ፤ ሌላውን ከጆሮ አጠገብ ባለው አጥንት ላይ ያደርጉታል። እኛ ረጅም ካቻቢቴ ሞከርን፤ የእሳቸው ይሻላል፤ ብረቱ ሁሉን ስለሚያስተላልፍ ያደናግራል።

ነገር ግን ጆሮ ጥርጣሬን ይሰጣል እንጂ ፍርድን አይሰጥም። ከዚህ በኋላ መለካት ነው። ቢየላውን ለመመርመር ሲሊንደሩ ይነሣል፤ አልቤሮው እንዳይዞር ይያዛል፤ ቢየላው ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሳባል። ወደ ጎን መወላወሉ በልኩ የተፈቀደ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን በእጅ የሚታወቅ ክፍተት ፈጽሞ ሊኖር አይገባም። እኛ በመጀመሪያ ቀን ‹‹ነቅነቅ›› ባደረግነው ጊዜ የትኛው መነቅነቅ የትኛው እንደ ሆነ እንኳ አልለየንም ነበር። ቢየላው ደግነቱ ደኅና ሆኖ ተገኘ።

ዋናዎቹን ኩሽኔታዎች ሞተሩን ሳይበትኑ የሚመረምሩበት ዘዴ እጅግ ያስደስታል። በጃዋ ላይ ፑንቲናውን የሚከፍተው ጥርስ በአልቤሮው ጫፍ፤ በዲናሞው በኩል ነው። ፑንቲናው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ክፍተቱን በስስ የብረት ቅጠል እየለካን የዲናሞውን መዞሪያ በእጃችን ወደ ላይና ወደ ታች ስንገፋው ክፍተቱ ከ0.4 ወደ 0.3፤ ተመልሶም ወደ 0.4 ይሄድ ነበር። አልቤሮው በቤቱ ውስጥ ይዋኛል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የእሳቱ ሰዓት እንኳ ከዙር ዙር ይለዋወጣል።

እንግዲህ የታሪኩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። ከኩሽኔታው አጠገብ የአልቤሮውን ቤት ከውጭ አየር የሚለይ የጎማ መከላከያ አለ። አልቤሮው ሲዋኝ ይህ ጎማ ከአንድ ወገን ይበላል፤ ከዚያም ሞተሩ ከካርቡራቶሩ ሌላ ሁለተኛ አፍንጫ ያበጃል። በዚህ አፍንጫ የሚገባው አየር ቤንዚንም ዘይትም የለውም። መከላከያው በፍሪሲዮኑ በኩል ቢሆን ኖሮ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ በነጭና በሰማያዊ ጭስ ራሱን ባስታወቀ ነበር፤ ካንዴላውም በጠቈረና በረጠበ ነበር። የእኛው በዲናሞው በኩል፤ ማለት በደረቁ ጎን ነበርና ጭስ አላሳየንም፤ ካንዴላችንም ነጣ ያለ ነበር። በእርግጥ የዛሬው እርሳስ የሌለበት ቤንዚን የካንዴላውን ቀለም ስለሚያደበዝዘው በቀለም ብቻ መፍረድ አይገባም። ዋናው ምልክት ነዳጅ ሲዘጋ ፍጥነቱ ቶሎ አለመውረዱ ነበር፤ እኛ በካቻቢቴ ያፈንነው።

አሁን የዓባይ በረሃ ነገር ይገለጣል። ነዳጁ ሲዘጋ በአልቤሮው ቤት ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ይበረታል፤ ስለዚህ በተበላው ጎማ በኩል የሚገባው ደረቅ አየር በዚያን ጊዜ ይበዛል። ካርቡራቶሩን ያስተካከልነው በአዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ፤ በሳሳው አየር ነው። ወደ ታች በወረዱ ቍጥር አየሩ ይወፍራል፤ በዚያው የቤንዚን መመጠኛ ቀዳዳ ድብልቁ የባሰ ይሳሳል። በዚያ ላይ ነዳጅ ተዘግቶ በረጅም ቍልቍለት ሲወረድ ዘይት እምብዛም አይደርስም። አዲሱ ፒስቶን ደግሞ ከአሮጌው ይልቅ ጠባብ ነበር፤ ያቺ የጠጕር ክፍተት የእርሱ መዳኛ ነበረች፤ እኛው ራሳችን በጊደሯ ዋጋ አጠበብናት። ፒስቶኑን ስናወጣው በጭስ ማውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተፋፍቆ፤ አሉሚኒየሙ በሲሊንደሩ ላይ ተለጥፎ አገኘነው።

‹‹ዘይት ጨምሩበት›› የሚል ምክር የሰጡን ብዙዎች ናቸው። በአንድ በኩል ልክ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ ብዙው ዘይት ሲሆን ቤንዚኑ ያንሳል፤ ድብልቁም ይበልጥ ይሳሳል። የታዘዘውን ልክ መጠበቅ ነው።

ኩሽኔታዎቹንና መከላከያዎቹን ከመለወጣችን በፊት በእርግጥ እዚያ ማሾለኩን ለማወቅ ፈተና አደረግን። አንዲት የነርሲንግ ተማሪ እኅታችን የደም ግፊት መለኪያ አዋሰችን። የካርቡራቶሩን አፍና ሁለቱንም የጭስ ማውጫዎች በጎማና በሰሌዳ ደፈንን፤ ፒስቶኑን ወደ ታች አውርደን የመለኪያውን ቱቦ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል አስገባን፤ እስከ 300 ድረስም ነፋን። ይህ በባሕር ወለል ካለው የከባቢ አየር ግፊት 0.4 ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ መንፋት ጎማዎቹን ይጎዳል። መርፌው ሃያ ሴኮንድ ሳይሞላ ዜሮ ገባ። በዲናሞው በኩል የሳሙና ውኃ ስንቀባ አረፋው እንደ ፈላ ወተት ገነፈለ። እኅታችን መለኪያውን እያየች ‹‹ይህ ሰው ሞቷል›› አለች።

ይህ ሁሉ ፈተና የጎማ ቍራጭ፤ ሳሙናና አንድ ሰዓት ጊዜ ነው የፈጀው። ጊደሯ ከመሸጧ በፊት ብናደርገው ኖሮ፤ ያው ገንዘብ ለኩሽኔታውም ለመከላከያውም ለፒስቶኑም በበቃ ነበር። አሁን ግን ሁለተኛ ፒስቶን ያስፈልግ ስለ ነበር ሦስታችን ለክረምት ያጠራቀምነውን አዋጣን፤ ሽማግሌውም ሲሊንደሩን ዳግመኛ ሲያሰፉ የእጃቸውን ዋጋ አልተቀበሉንም። የጊደሯን ዋጋ ከሚያዝያ ጀምሮ በየወሩ እየከፈልን ነው፤ አያቱ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አያውቁም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ፈተናውን ደገምነው። መርፌው ከ300 ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ 280 ላይ ነበር። ነዳጁን ስንለቀው ሞተሩ ወዲያው ይበርዳል፤ ጕርምርምታውም የለም። የቀረው የክንፎቹ ጸናጽል ብቻ ነው፤ ጓደኛችን ግን ጎማ እንዳንሰካበት ከለከለን፤ አያቱ የሚያውቁት ድምፅ ያው ነው ይላል።

ጉዞው ከፈተናው በኋላ ነው። እኛም በዚህ ሳምንት የምንከራከረው ስለ ቍልቍለቱ ነው። አንዳችን ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ በፍሬን ብቻ ይውረድ ይላል፤ ሁለታችን ደግሞ የእነዚያ አሮጌ ፍሬኖች ሙቀት ያሠጋናልና በማርሽ አግዶ፤ በየመቶ ሜትሩ ነዳጁን ለአፍታ እየከፈተ ዘይት ያጠጣው እንላለን። ከመምህራኖቻችን መካከል በዚህ ላይ አሳብ ያለው ቢኖር ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ እንጠብቃለን፤ ሞተር ሳይክሉም እዚያው ቆሟል።